የባባና የኻሊ ፓርቲ

ቤታችን ውስጥ ሁለት ፓርቲ አለ። አንደኛው የባባ ነው፣ ሁለተኛው የኻሊ። ኻሊ የምንለው የማማን ወንድም ዓሊዬን ነው። ጁምዓ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሪያድ፣ ባዲዓ ሰፈር ያለው ቤታችን ይመጣል፣ የሩዝ ከብሳውን ይበላል፣ ከዚያ ከባባ ጋር ስለ መንግሥት ይጨቃጨቃል። ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ እንዲህ ነው። ሰው ቤት ኳስ ይታያል፣ እኛ ቤት ግብር ይወራል።

ባባ ሙሀባው ይባላል። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ወርሻ፣ ጋራዡ ውስጥ ሲጎነበስ ውሎ ወገቡን ይዞ ይገባል። የእሱ ፓርቲ፣ መንግሥት ከጠየቀ ይከፈላል ባይ ነው። «ወሎ እያለሁም እከፍል ነበር፣ መንገድ ግን አላየሁም። እዚህ ከፍዬ አያለሁ። መብራቱ ይበራል፣ ሌሊት በሰላም እተኛለሁ። ሌላ ምን እፈልጋለሁ?» ይላል። ኻሊ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። አላገባም፣ ልጅ የለውም፣ ደህና ያገኛል። የእሱ ፓርቲ ደግሞ ያለው ብዙ ይክፈል፣ የሌለው ይቅርለት ነው የሚለው። «ዶክተሩም በልጁ ያንኑ ይከፍላል፣ አንተም በልጅህ ያንኑ። ይሄ ምኑ ነው ፍትሕ?» ይላል።

የሚያጣላቸው የሙራፊቂን ክፍያ ነው። እዚህ ቤተሰቡን ይዞ የሚኖር የውጭ አገር ሰው ለሚስቱም ለልጆቹም በነፍስ ወከፍ ይከፍላል። ካልከፈለ ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ አይታደስም። የሚገርመው፣ የአራት ሰው የሚከፍለው ባባ «ትክክል ነው» ሲል፣ የማንንም የማይከፍለው ኻሊ ነው «ግፍ ነው» ብሎ ቤቱን የሚያናውጠው። እኔ ጋዳ ነኝ፣ ከሚከፈልባቸው ከአራቱ አንዷ። ፓርቲ የለኝም።

ዘንድሮ ወርሻው ቀዘቀዘ። ኢቃማው ሊያልቅ ሲል ባባ ለአራታችን መክፈል እንደማይችል ገባው። ለሦስት ይበቃል። ማማ ትሂድ እንዳይባል ታናናሾቼ ናስርና ናዲያ ገና ትንንሽ ናቸው። ትምህርት የጨረስኩት እኔ ነኝ። ማንም «አንቺ ነሽ» ብሎ አልነገረኝም። ማማ ብቻ አንድ ቀን ልብስ እያጣጠፈች፣ ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ ቤቷ ሰፊ እንደሆነ አወራችልኝ። አክስቴን የማውቃት በስልክ ነው። ኮምቦልቻንም የማውቃት በስልክ ነው።

እኔ መሄድ አልፈልግም። ይሄን በግልጽ ልናገር፣ ቤታችን ውስጥ የጠየቀኝ ስለሌለ። የተወለድኩት ሪያድ ነው፣ ስናደድ እንኳ የምናደደው በዓረብኛ ነው። ዑረይጃ ሰፈር ያለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ትምህርት ሲከፈት በረዳትነት ሊወስደኝ ቃል ገብቶልኛል። ደሞዝ ከያዝኩ የራሴን ራሴ እከፍላለሁ። የጎደለኝ እስከዚያ የሚያሻግረኝ ብቻ ነበር።

ባለፈው ጁምዓ ምሳ በልተን ሳንነሳ ባባ «ያላ ጋዳ፣ አብሽርን ክፈቺልኝ» አለ። ባባ ዓረብኛ ይናገራል እንጂ አያነብም፣ ስልኩም ያቺ የድሮዋ ባለ ቁልፏ ናት። ስለዚህ የመንግሥት ጉዳዩን ሁሉ አብሽር በሚባለው መተግበሪያ በኔ ስልክ የምጨርስለት እኔ ነኝ። እዚህ ያደገ የሐበሻ ልጅ ሁሉ የአባቱ ጸሐፊ ነው። ከፈትኩለት።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለ ኻሊ።

«ኹሩጅ ኒሃኢ። የጋዳን።»

የመጨረሻ መውጫ ማለት ነው። እሱ የወጣበት ሰው ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፣ በዚያው ይቀራል።

ኻሊ እጁን ሊታጠብ ብድግ ብሎ ነበር፣ ሳይታጠብ ተመልሶ ተቀመጠ። «አንተ ሰው፣ ጤና የለህም እንዴ? ልጅቷን?»

«ምን ላድርግ ታዲያ? ሕግ ነው።»

«ሕጉ ነዋ ጥፋተኛው።»

ተጀመረ። ማን ምን እንደሚል፣ ከዚያ ማን ምን ብሎ እንደሚመልስ በቃሌ አውቀዋለሁ። እኔ ስልኩን ይዤ መሐላቸው ተቀምጫለሁ። ማማ ትሪውን ልታነሳ ጎንበስ እንዳለች ወንድሟን ቀስ ብላ «ዓሊዬ፣ አንተ እኮ አለህ» አለችው።

ኻሊ አንገቱን ደፋ። «ሀዋ፣ እህቴ፣ የምግብ በይኝ፣ የቤት ኪራይ በይኝ፣ ዛሬውኑ ላውጣ። ለዚህ ግን ሰባራ ሪያል አላወጣም። ግፍ ነው እያልኩ ኖሬ በገዛ እጄ አልከፍለውም።»

«ብትሰጠኝስ መች እቀበልሃለሁ» አለ ባባ። «ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። የኔን ግዴታ ሌላ ሰው አይሸከምልኝም።»

መላው ፊት ለፊታችን ተቀምጧል እኮ፣ እንዴት አልታያቸውም? «ባባ» አልኩ፣ «ኻሊ የቤት ኪራዩን ይክፈል። አንተ ለኪራይ ያስቀመጥከውን ለኔ ክፈልበት።»

ሁለቱም ቀና ብለው አዩኝ። ማማ ትሪውን እንደያዘች ቆመች። እንደዚያች ደቂቃ ተስፋ አድርጌ አላውቅም።

«ያው ነው» አለ ኻሊ። «በጓሮ በር መክፈል ነው።»

«ቤቴን ሰው እየከፈለልኝ እኔ ከፋይ ነኝ ብዬ ደረቴን ልነፋ?» አለ ባባ። «ኸላስ፣ አይሆንም።»

ሁለቱ ሲስማሙ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ወዲያው ደግሞ ተመልሰው ክርክራቸውን ያዙ።

እናደዳለሁ ብዬ ጠበቅኩ። እኔ ቱግ የምል ሰው ነኝ፤ ማማ «ክብሪት» ነው የምትለኝ። ንዴቱ ግን አልመጣም። ጥርስ ሲነቀል ድዱን እንደሚያደነዝዙት ነበር፤ የሚሠራው ነገር ይታወቀኛል፣ አያመኝም። ገጹ ላይ የአራታችን ስም ተደርድሯል።

«የናስርን እንዳትነኪ፣ አደራ» አለ ባባ። «እስቲ ስሙን አንብቢልኝ።»

«ጋዳ ሙሀባው» ብዬ አነበብኩለት።

«እሱ ነው» አለ።

ነካሁት። የማረጋገጫ ቁጥሩ የሚላከው ለባባ ስልክ ነው፤ ጮኸ። ባባ ቁጥር ማንበብ ይችላል። ስልኩን ከዓይኑ ራቅ አድርጎ ያዘና ፊቱን ወደ ኻሊ አዙሮ ሙግቱን ሳያቋርጥ አነበበልኝ። «መንግሥት ያለ ግብር በምን ይቆማል? ሰባት፣ ሁለት። አንተ ንገረኛ፣ በምን ይቆማል? ዘጠኝ። ሁሉም አልከፍልም ካለ፣ አራት፣ ማን ሊከፍል ነው?»

ሰባት፣ ሁለት፣ ዘጠኝ፣ አራት። ጻፍኩት። «እሺ» የሚለውን ተጫንኩ። ገጹ ትንሽ ዞረና አረንጓዴ ሆነ።

«ምን አለ?» አለ ባባ።

«ወጥቷል።»

ማማ ወደ ማድ ቤት ገባች፣ ውሃውን ከፈተችው፣ ሳህን ግን አላጠበችም።

«ስንት ወሰዱበት?» አለ ኻሊ። ነገር ፈልጎ ነው፣ አውቀዋለሁ፤ ሌላ የሚለው አጥቶ ነው።

«ምንም» አልኩት። «በነጻ ነው።»

ባባ ወደ ኻሊ ዞረ። «አየህ» አለ። «ለዚህ አያስከፍሉም።»

ያ ሁሉ ዓመት ባባ የመጨረሻውን ቃል ተናግሮ አያውቅም ነበር፤ ዛሬ ተናገረ። ረታ። ግን አልተንቀሳቀሰም፣ ስልኩን ኪሱ አልከተተም። ኻሊን ዓይን ዓይኑን እያየ፣ አንዴ እንኳ ተሳስተሃል እንዲለው ጠበቀ። ኻሊ ግን መሬት መሬቱን እያየ እጁን ሊታጠብ ተነሳ።