ፀሐይ የሞቀው ማይክሮፎን

እማማ ኩብራ እንግዳ ሲመጣባቸው ቤታቸውን ውሃ ሳይረጩ አይቀሩም፤ የአሰበ ተፈሪ አቧራ ሰው አያከብርማ። በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት ወር፣ የራዲዮ ሰዎች የከበሮ ምታቸውን ሊቀዱ የመጡ ዕለትም በማለዳ ተነስተው የአፈሩን ወለል ሁለት እንስራ ሙሉ አጠጡት።

ልባቸው ተንጠልጥሏል። ልጃቸው ጣሂራ ድሬዳዋ ከተዳረች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ልጅ በልጅ ላይ ሆኖባት ብቅ አላለችም። ቤቷ ግን ራዲዮ አለ። የእናቷን ከበሮ ብትሰማስ?

ባለሙያው ሽፈራው ማይክሮፎኑን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ከሣጥኑ አወጣው። ዘንግ ላይ አሰረና ከከበሮው አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርጎ አዘነበለው።

«ምነው አራቅኸው፣ ፈራኸኝ እንዴ?» አሉት።

«ቢጠጋ ምቱ ይበረታበታል፣ እማማ። ውስጡ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቆዳ አለው።»

መቱ። ሽፈራው ማዳመጫውን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ፊቱ ተለዋወጠ። «ይንጣጣል፤ ቆሎ የሚቆላ ይመስላል።» ገመዱን ነቅሎ ሰካ፣ ባትሪውን ነካካ። ያው ነው።

ሾፌሩ በክሪ በሩ ላይ ሆኖ፣ «ሂርና በቀትር ይጠብቁናል። ካልሆነ ይቅርና እንሂድ» አለ።

እማማ ኩብራ ከበሮውን ዳበሱት፤ ላላ ብሏል። ከዚያ ወለሉን አዩት። ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ» አሉ። «ቤቱን ያራስኩት እኔ ነኝ። ከበሮዬ እንኳ ለስልሷል። ያንተም ቆዳ ካለው እርጥበት ገብቶት ይሆናል። እኛ ሲላላብን ፀሐይ እናሞቀዋለን።»

ሽፈራው ሊስቅ ብሎ ተወው። «እውነትዎን ነው። ይህንንስ እኔ ማወቅ ነበረብኝ።»

ማይክሮፎኑን አቧራ እንዳያገኘው በደረቅ ነጠላቸው ጠቅልለው ደጅ፣ ሰሌን ላይ፣ ከከበሮው ጎን አስተኙት።

«እንግዲህ በርበሬውንም አምጥታችሁ አብራችሁ አስጡት» አለ በክሪ። አለ እንጂ የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ከቶ ጥላው ስር ቁጭ አለ።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ማይክሮፎኑን እዚያው ደረቁ ደጅ ላይ ተከሉት። እማማ ኩብራ ከበሮውን በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። ሽፈራው ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

«ጠራ» አለ። «እንኳን ከበሮው፣ ትንፋሽዎም ይሰማል።»

«ታዲያ አንዴ ልተንፍስበት፤ ጣሂራ ታውቀዋለች።»

ተነፈሱ። ቀጥለውም ጣሂራን ወደ ባሏ ቤት የሸኙበትን ምት መቱ።