የእንደሻው ሐሙሶች

«ጡረታ የወጡት በስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» አለ የእድሩ ጸሐፊ ሥራዬ፣ እርሳሱን በምላሱ እያራሰ።

«በሃምሳ ሰባት» አለች የሟቹ ሚስት እልፍነሽ።

አስከሬኑ ሊወጣ ሁለት ሰዓት ቀርቶታል። ሥራዬ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ መጻፉ ነው፤ መጻፍ ከተባለ! መላ ቅጡ ጠፍቶታል። ወትሮ በሰፈሩ ሰው ሲሞት ይህን የሚጽፈው እንደሻው ራሱ ነበራ። ከጣሊያን መውጣት ጀምሮ በጦር ክፍሉ ጽሕፈት ቤት በሲቪልነት ሲጽፍ የኖረ ሰው፣ ሰካራሙን «ጨዋታ ወዳድ»፣ ቁጡውን «ለእውነት የማይመለስ» እያደረገ ስንቱን በክብር ሸኝቷል። የእሱ ተራ ሲደርስ ጸሐፊ ጠፋ።

«ለቤተሰባቸውስ እንዴት ነበሩ ልበል?»

«ለቤተሰቡማ ምን ልበልህ! የኔን ወንድም ልጆች እንኳ አሳድጎ ለወግ ለማዕረግ አብቅቷል።»

አለች እልፍነሽ። ለሥራዬ የማትነግረው ነገር ነበር። ከስምንት ዓመት ወዲህ እንደሻው ሐሙስ ሐሙስ ካፖርቱን ደርቦ ወደ ኤረር በር ሰፈር ይወርዳል። «የት ነበርክ?» ስትለው «ሰው ጋ» ብቻ። ሴት ይዟል ብላ ቆረጠች። ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ጀርባዋን ሰጥታው ተኛች። ዛሬ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ እሷ ብቻዋን ናት። እንባው እንኳ እምቢ ብሏታል። ያ ቂም አልወጣላትም።

በዚህ መሃል አንዲት አሮጊት ከዘራዋን እያስቀደመች ገባች። ከግንቡ ውስጥ፣ ከጀጎል የመጣች መሆኗ ከአለባበሷ ያስታውቃል፤ ዓይኗ ደክሟል።

«አላህ ያጽናሽ፣ ልጄ። ዐብላ እባላለሁ። ቤቴ ኤረር በር ነው።»

እልፍነሽ ቀና አለች። «ሐሙስ ሐሙስ እርስዎ ጋ ነበር የሚመጣው?»

«እኔው ጋ ነዋ! አልነገሩሽም?» ዐብላ ፍራሹን በእጇ ዳብሳ ተቀመጠች። «ልጄ ዩሱፍ ወታደር ነበር፤ ኦጋዴን ሞተ። የሞቱን ደብዳቤ መላክ የአቶ እንደሻው ሥራ ነበር። እጃቸው እምቢ አላቸውና ሦስት ወር መሳቢያቸው ውስጥ አቆዩት። እኔ ሦስት ወር ሙሉ ለሞተ ልጅ ስንቅ ስልክ ከረምኩ! ኋላ ራሳቸው ይዘውት መጡ። እግሬ ላይ ወድቀው አለቀሱ።»

«እና ይቅር አሉት?»

«ወላሂ ረገምኳቸው እንጂ! በሳምንቱ ሐሙስ ተመልሰው መጡ፤ በሬን ዘጋሁ። በሌላውም ሐሙስ መጥተው ደጄ ላይ ቆመው አመሹ። ሲያቅተኝ ከፈትኩላቸው። የዩሱፍን ነገር ሳወራ ሰው ሁሉ ሰልችቶታል፤ እሳቸው ብቻ ትናንት የሰሙትን ዛሬም እንደ አዲስ ይሰሙኝ ነበር። ከሥራ እንዳይባረሩ ብዬ ለማንም አይንገሩ ያልኩ እኔ ነኝ። እሺ እንዳሉ ቀሩ።»

«እኔን አፈር ይብላኝ!» አለች እልፍነሽ። ደረቷን መታች፤ ከትናንት ጀምሮ እምቢ ያላት እንባ አሁን ወረደ። «ስምንት ዓመት አኮረፍኩት! አንድ ቀን እንኳ ‹ና፣ አብሬህ ልሂድ› ሳልለው!»

ሥራዬ እርሳሱን ኪሱ ከተተ። «መቼም ይሄ አይጻፍም፣ እትዬ። የሞተ ሰው ገመና ነው።»

«ይጻፋል። ሦስቱ ወርም፣ ሐሙሱም፣ የኔም ኩርፊያ። እሱ የሌላውን ሲያሳምር ኖረ፤ የሱን አናሳምርም።» ወደ ዐብላ ዞረች። «ከፈቀዱ ነው።»

«ይጻፍ። የዩሱፍም ስም ይጠራ።» ዐብላ ከዘራዋን ፈለገች። «እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሜ እጸልያለሁ። ግቢ ገብቼ አልሰማው፤ ምን ይደረግ።»

እልፍነሽ ከዘራውን አንስታ አቀበለቻት፤ እጇን ግን አልለቀቀችም።

«ሥራዬ፣ ከበሩ ውጭ መንገዱ ላይ ታነባለህ።»

«ኧረ እትዬ! ካህናቱ ምን ይላሉ? ወጉ እኮ ግቢ ውስጥ ነው!»

«የኔ ተራ ሲደርስ በወጉ ታነበዋለህ። ዛሬ አስከሬኑን መንገድ ላይ አሳርፉት፤ እኒህ ሴትዮ ሰምተው ሳይጨርሱ ማንም ከበሩ አያልፍም» አለችና ዐብላን ደግፋ አስነሳቻት።