የእትዬ ጽጌማርያም ክብር

ከሊፋ ኮልፌ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አለው፤ የሰፈሩን እግር ኳስ ቡድን መደገፍ ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል። እሁድ ዕለት ቡድኑ ተሸንፎ ከሊጉ ወረደ። ዋናው ግብ አግቢ ተጠባባቂ ወንበር ላይ እንኳ አልነበረም። ከሊፋ አሰልጣኙን እየረገመ ከስታዲየሙ ሲወጣ፣ የቡድኑን ማሊያ የሚያጥቡትን እትዬ ጽጌማርያምን በር ላይ ሲያለቅሱ አገኛቸው።

«ምነው እትዬ?»

«ግብ አግቢው ሰደበኝ። አሰልጣኙ ይቅርታ ጠይቃቸው ቢለው እምቢ አለ። ‹ያጠቡልህን ሴት ካላከበርክ ማሊያውን አትለብስም› ብሎ አስቀረው። በእኔ ምክንያት ወረዳችሁ!»

የከሊፋ ንዴት ብን ብሎ ጠፋ። ጎንበስ ብሎ ትከሻቸውን ሳማቸው።

በማግስቱ ማሊያውን ለብሶ ሱቁን ከፈተ። ጎረቤቱ ሀምዳን «ወረዳችሁ አይደል?» ብሎ ሳቀበት።

«ወረድን፤ አልተዋረድንም» አለ ከሊፋ ደረቱን ነፍቶ። ከዚያም አስቀምጦ ነገሩን ከሥሩ ያጫውተው ጀመር።