የኮፈኑ ጓጉንቸር

መኪናዬ አሮጌ ላንድክሩዘር ፒካፕ ናት። አንድ የእርዳታ ድርጅት ሥራውን ጨርሶ ከሶዶ ሲወጣ በጨረታ ሸጣት፤ ባሌ ዳልጮ ገዛት፣ ሁለት ዓመት ሳይሠራባት ሞተ። እንደ አሁኖቹ መኪኖች የሚያወሳስብ ነገር የላትም፤ ሞተሯ ብረትና ናፍጣ ነው። ከሶዶ ወደ ተበላ ከተማ ትወርዳለች፣ ከተበላ ደግሞ መንገድ የሚባል ነገር ወደሌለበት ቆላ ገብታ በቆሎና ማንጎ ጭና ትመለሳለች። እኔ የምኖረው በእሷ ነው። ስለዚህ ማንንም አላምንም ነበር። አሁንም ብዙ አላምንም።

ይህ የሆነው ወላይታ ለብቻው ዞን በሆነ በዓመቱ ነው።

ሾፌሬ ኤርካሎ ይባላል። የሦስት ልጆች አባት ነው፣ በቤተ ክርስቲያናችን ይዘምራል፣ ዝምተኛ ነው። ዝምተኛ ሰው ያስፈራኛል። የሚለፈልፍ ሰው ቢያንስ ሲዋሽ ይሰማል።

ዳልጮን በቀበርን በወሩ ጎረቤቶች መጥተው “ሾፌር ባለቤት የሌላት መኪና ካገኘ ደህናውን ዕቃ እየፈታ ይሸጣል፣ የሞተ ዕቃ ይገጥምልሻል” አሉኝ። በማግስቱ መኪናዋን ብየዳ ቤት አስወሰድኳት። ኮፈኑ ላይ ሁለት ቀለበት አስበየድኩና ትልቅ ጓጉንቸር ቆለፍኩበት። ቁልፉን በጠንካራ ሲባጎ አንገቴ ላይ አሰርኩ።

ኤርካሎ ጓጉንቸሩን አየው፣ ነካ አደረገው።

“እትዬ አዛለች፣ ዘይቱን ማን ሊያየው ነው?”

“እኔ።”

“የራዲያተሩን ውሃስ?”

“እኔ።”

“መንገድ ላይ ብትሞቅብኝስ?”

“ጥላ ሥር ታቆማታለህ። አንተ መሪህን ያዝ።”

ሄዶ ጎማ ማየት ጀመረ።

ዘይት ማየት ዳልጮ አስተምሮኛል። ዘንጉን መምዘዝ፣ በጨርቅ መጥረግ፣ መልሶ መክተት፣ እንደገና መዝዞ ማየት ነው። ዘንጉ ላይ ሁለት ጭረት አለ፤ ዘይቱ በሁለቱ መሃል መሆን አለበት። ከሁለተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፣ ለሁለት ጭረት ግን ይበቃኛል። በዳልጮ ጊዜ ዘይቱ ሁልጊዜ ይጎድል ነበር፤ በየሳምንቱ ይጨምር ነበር። እኔ ማየት ከጀመርኩ ትንሽ ቆይቶ መጉደሉን ተወ። ከዚያ ላይኛው ጭረት ደረሰ። ከዚያ አለፈው።

አንድ ጠብታ ሳልጨምር!

ቤተ ክርስቲያን ስለ መበለቷ የማያልቅ ዘይት ሲሰበክ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። እኔም መበለት ነኝ። ኮፈኑን ከፍቼ ዘንጉን ይዤ ብቻዬን አለቀስኩ። ለማንም አልተናገርኩም። እንዲህ ያለ ነገር ከተወራ ዓይን ይበዛበታል፣ ሌባም ይመጣል። ኮፈኑን መልሼ ቆለፍኩ።

በዚያው ሰሞን ናፍጣው መጉደል ጀመረ። አንድ የባሕር ዛፍ ዱላ በቢላዋ ጭረት ጭረት አድርጌበት ነበር፤ ኤርካሎ ሲወጣ ናፍጣ መያዣው ውስጥ እከተዋለሁ፣ ሲመለስም እከተዋለሁ። መንገዱ ያው፣ ጭነቱ ያው፣ ናፍጣው ግን ሁልጊዜ ከበፊቱ አንድ ጣት ያህል ይጎድላል። እንግዲህ የናፍጣው መክደኛ አይቆለፍም። ማን ይወስደዋል? መሪ የያዘው ነዋ።

ተከታተልኩት። አንድ ቀን ሳልነግረው ተበላ ገበያ ላይ ጠበቅኩት። መኪናዋን አቁሞ ሻይ ጠጣ፣ ከማንም ጋር አላወራም። “ተጠንቅቋል” አልኩ። ሌላ ቀን ልብሱን አሸተትኩ፤ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። የሾፌር ልብስ ሌላ ምን ይሸታል? ይህን ግን ያን ጊዜ አላሰብኩም። የሞላውን ለእግዚአብሔር፣ የጎደለውን ለኤርካሎ ሰጥቼ ተቀመጥኩ።

መካኒካችን ጋሽ ሰብስቤን ሄጄ አማከርኩት። አያቱ ከሰሜን የመጡ ናቸው፣ እሱ ግን ሶዶ ተወልዶ ሶዶ ያረጀ፣ ከእኔ በላይ በወላይትኛ የሚሳደብ ሰው ነው።

“ናፍጣ ትበላለች? ጭሷ ጥቁር ነው?”

“አይደለም።”

“ዘይቷስ እንዴት ነው?”

“በዘይቷ አትግባ። ዘይቷ ሙሉ ነው።”

“ጎበዝ ባለቤት ነሽ” አለኝ። “እስቲ አምጫት፣ ኮፈኗን ከፍቼ ልያት።”

ኮፈኑን ልክፈት ማለቱ ደስ አላለኝም። “ሌላ ቀን” ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ወደ ወንድም ጌታሁን ሄድኩ። “ኤርካሎ ይሰርቀኛል” አልኩት። ወንድም ጌታሁን ደነገጠ። “እህት አዛለች፣ ቀላል ነገር አይደለም። ይህ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ቢታገድ መዘመሩ ብቻ አይደለም የሚቀርበት። በስርቆት የታገደ ሾፌር እዚህ ከተማ ማን መኪና ይሰጠዋል?”

“እኔ አልሰረቅኩም” አልኩት።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሽማግሌዎች ሊጠሩት ወሰኑ።

ቅዳሜ አብሬው ቆላ ወረድኩ፤ ከችሎቱ በፊት በዓይኔ ልይዘው ነበር። ከተበላ ካለፍን በኋላ፣

“እሁድ ጠርተውኛል” አለ። “ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?”

“እሁድ ትሰማለህ።”

“ሚስቴ ጠይቃኝ ነው። እኔማ አውቄዋለሁ። ያንን ዱላሽን ጫፉ እርጥብ ሆኖ አየዋለሁ እኮ።”

ያፈርኩ እንዳይመስላችሁ፤ ነቅቶብኛል ብዬ ተናደድኩ።

በቆሎውን ጭነን ተመለስን። ከደረቁ ወንዝ ወጥተን ዳገቱን ስንጀምር ሞተሩ ድምፁን ለወጠ። ጮኸ። ከዚያ የባሰ ጮኸ። ወደ ኋላ ሳይ መንገዱ በነጭ ሰማያዊ ጭስ ተሸፍኗል።

“እግርህን አንሳ!” አልኩት።

“አንስቻለሁ!”

እግሩን አየሁት። እውነት ነው፣ ነዳጅ መስጫው ላይ አይደለም። ዳገቱ አናት ላይ ፍሬን ይዞ አቆመና ማጥፊያውን ሳበ። አልጠፋም። እንደገና ሳበው። ሞተሩ እንደውም ባሰበት፣ መስታወቱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። አራተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሬኑን እንደረገጠ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ፤ እንዲህ ሲሆን ሞተር ታንቆ መጥፋት ነበረበት። የእኛ ፍሪሲዮን ግን አልቋል፤ ተንሸራተተና ተቃጥሎ ሸተተ። ሁለት ወር ሙሉ “ይቀየር” ሲለኝ፣ ከዕቃ ሻጩ ጋር ተማክሮ ነው ብዬ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።

ዘሎ ወረደ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አደረገ። “ቁልፉን ስጪኝ!”

“ምን ልታደርግ?”

“ጦሳው!” ብሎ በቋንቋችን ወደ ፈጣሪ ጮኸ። “ሞተሩ ሊፈነዳ ነው፣ ሴትዮ! ቁልፉን!”

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ያን ጊዜ እንኳ “ኮፈኑን ለማስከፈት ያደረገው ነው” ብዬ አሰብኩ። ቁልፉን አልሰጠሁትም። ራሴ ልከፍት ሄድኩ። በየማለዳው ቀስ ብዬ የምፈታው የሲባጎው ቋጠሮ በችኮላ አልፈታ አለኝ፣ በራሴ ላይ እንዳላወጣው ደግሞ አጥብቄ ነው ያሰርኩት። ምን ላድርግ? አንገቴን ደፍቼ፣ ጉንጬን የጋለ ኮፈን ላይ ለጥፌ፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ እንዳለ ጓጉንቸሩን ከፈትኩት።

ኤርካሎ ኮፈኑን ብድግ አደረገና አየር የምትስብበትን ወፍራም ጎማ ቱቦ ከማጣሪያው ላይ መንጭቆ ነቀለ። ኮቱን አውልቆ የቱቦው አፍ ላይ ሲያደርገው ቱቦው እጅጌውን መዋጥ ጀመረ። ጎትቶ አወጣው።

“የሚደፍን! ጠንከር ያለ የሚደፍን ነገር!”

ሸበጤን አወለቅኩ። ቱቦው አፍ ላይ ሶሉን ለጠፍኩና በሁለት እጄ ገፋሁት። እንደ ጥጃ ጠባው። ሞተሩ አንዴ አስነጠሰ፣ መኪናዋ ተንዘፈዘፈች፣ ጠፋች።

ከዚያ ምንም ድምፅ የለም። አንድ እግሬ ባዶ ሆኖ ቆምኩ።

ኤርካሎ የዘይቱን ዘንግ መዘዘ። አየው፣ አሸተተው፣ ለእኔ አቀበለኝ።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“ዘይት ነው።”

“አሽትቺዋ።”

አሸተትኩ። ናፍጣ ነው። ቀጭን፣ እንደ ውሃ የሚንጠባጠብ። በየማለዳው በጨርቅ እየጠረግኩ ያየሁት ነው፤ አንድ ቀን ግን ወደ አፍንጫዬ አላስጠጋሁትም።

“ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሞላው?”

“ወር ይሆነዋል።”

“ለማን ነገርሽ?”

“ለማንም።”

ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። የሚስቅ መስሎኝ ነበር። አልሳቀም።

ጋሽ ሰብስቤ በሚያልፍ መኪና ተልኮበት ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ከሥር ገብቶ የሞተሩን ሆድ ሲከፍት የፈሰሰው ዘይትና ናፍጣ ጀሪካን ሞልቶ ተረፈ። ከዚያ ከትልቁ ፓምፕ ጎን የተለጠፈችውን ትንሽ የናፍጣ መሳቢያ ፈትቶ አሳየኝ።

“ይቺ ውስጧ አልቋል። ናፍጣውን ወደ ላይ እንደመግፋት ወደ ዘይቱ ታፈስ ነበር። ሆዷ ሲሞላ ትርፉ በመተንፈሻዋ ወጥቶ አየር መሳቢያው ውስጥ ገባ፤ ሞተሩ የራሱን ዘይት እያቃጠለ መሮጥ ጀመረ። ለዚህ ነው ናፍጣውን ብትዘጉበትም ያልጠፋው።”

“አንተ ጋራዥህ ስመጣ ታውቅ ነበር?” አልኩት። ልማዴ አልለቀቀኝም።

“በማርያም! ሙሉ ነው አልሽኝ፣ አመንኩሽ። ሞተር ዘይት ይበላል እንጂ አይወልድም፣ አዛለች! ጨመረ ብትዪኝ እዚያው ቁጭ ብዬ እነግርሽ ነበር።”

ያን ጀሪካን አልደፋሁትም። እሁድ ተሸክሜ ሽማግሌዎቹ ክፍል ገባሁ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ኤርካሎ ጥግ ላይ ቆሟል፣ ሚስቱ በር ላይ ነች።

“የተሰረቀ ያልኩት ናፍጣ ይኸው” አልኩ። “ያሸተተው ሰው ይመስክር።”

ወንድም ጌታሁን መክደኛውን ከፍቶ አሸተተና ፊቱን አዞረ። “ማን ከቶት ነው?”

“ማንም። ሞተሩ። እኔ ደግሞ ቆለፍኩበት። ኤርካሎ አልወሰደም። የከሰስኩት በሐሰት ነው፣ ጻፉት።”

የዘይቱንም ነገር ነገርኳቸው፣ ያለቀስኩትን ሳይቀር። አንዱ ሽማግሌ ሳቁን በመሐረብ ያዘ። እኔን አገዱኝ፤ አንድ ወር ከጌታ እራት። አልተከራከርኩም።

ሰኞ ማለዳ መሳቢያዋ ተቀይራ፣ አዲስ ዘይት ተሞልታ፣ ፍሪሲዮኑም ተገዝቶ፣ መኪናዋ ደጄ ላይ ቆመች። ኤርካሎ መጣ። ሲባጎውን በመቀስ ቆረጥኩና ቁልፉን ዘረጋሁለት።

አልተቀበለኝም።

“አንቺ ጋ ይሁን” አለ። “ነገ አንድ ነገር ቢጎድል ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ እንዲገኝ አልፈልግም።”

“ኤርካሎ፣ ስህተቴን በሰው ፊት ተናግሬያለሁ እኮ።”

“ሰምቻለሁ። ይቅር ብያለሁም። ሥራም እሠራለሁ።” ጓጉንቸሩን በጣቱ መታ መታ አደረገው። “ግን በየማለዳው አንቺ ትከፍቺያለሽ፣ ሁለታችንም እናያለን። ዱላሽንም አምጪ፣ ናፍጣውን አብረን እንለካለን። ያየሽውን ደግሞ ጮክ ብለሽ ትናገሪያለሽ፣ ጎረቤት እንዲሰማ።”

ቁልፉን አዲስ ሲባጎ ላይ አሰርኩ። አሁን በየማለዳው አጥር ላይ ሁለት ሦስት ሰው እየሰማ፣ “ዘይት በሁለቱ ጭረት መሃል! ሽታው ዘይት!” እያልኩ እጮሃለሁ። ኤርካሎ ከጎኔ ቆሞ ከንፈሬን ያያል። ተናግሬ ስጨርስ ዘንጉን ከእጄ ይቀበልና፣ ራሱ ደግሞ ያሸተዋል።