የሜልቦርኑ ካሴት

ባሌ ደርበው ሜልቦርን እያለ የአውስትራሊያን ኳስ ተጫውቷል። ኳሷ የእንቁላል ቅርጽ አላት፤ በእጅ ትያዛለች፣ በእግር ትመታለች፣ የያዛትን ሰው ደግሞ ዘለው ይከመሩበታል። ጨዋታ ይሉታል እንግዲህ። ካልጋሪ ከመጣን ጀምሮ በየሰርጉና በየክርስትናው «እኩል ነበርን፤ በመጨረሻዋ ደቂቃ መታሁ፣ አሸነፍን!» ሲል እኔም አጠገቡ ደረቴን ነፍቼ እቀመጥ ነበር። ማስረጃው ጓደኛው የቀረጸው የቪዲዮ ካሴት ነው። የአውስትራሊያ ካሴት ደግሞ በካናዳ ዴክ አይሠራም። ስለዚህ ካሴቱ ሳይታይ ቴሌቪዥናችን ላይ እንደ ዋንጫ ተቀምጦ ኖረ።

በ1996 የሰፈራችን የፔንብሩክ ሜዶውስ የሐበሻ እግር ኳስ ቡድን አሰልጣኝ ፈለገ። ዓመቱን ሙሉ አንድ ጎል ያላገባ ቡድን ነው። ደርበው ግን ቦታውን ሲመኝ እንቅልፍ አጣ። የቡድኑ ኃላፊ ጋሼ ኣስመላሽ በወሬ የሚያምኑ ሰው አይደሉም፤ ካሴቱን ራንድል ሰፈር ወዳለ የቪዲዮ ሱቅ ወሰዱት።

«በካናዳ ዴክ እንዲሠራ ኮንቨርት አስደርጌዋለሁ። ቅዳሜ እናንተ ቤት እናየዋለን» አሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሳሎኑ ሞላ። ደርበው ወጥ ቤት ድረስ ተከተለኝ።

«ፈትልዬ፣ ኳሷ መሃል አልገባችም።»

«ምን?»

«ስቻለሁ።»

የያዝኩትን ትሪ አናቱ ላይ ላሳርፈው ምንም አልቀረኝም። ስንት ሰርግ ላይ ነው ያጨበጨብኩለት!

ካሴቱ ተከፈተ። ቀጭኑ ደርበው፣ ቁምጣው ማጠሩ፣ መታ። ኳሷ ረጃጅሞቹን ምሰሶዎች ስታ በጎን ወጣች። ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ። ወዲያው ጓደኞቹ ሮጠው ትከሻቸው ላይ አወጡት። ሳቁ ቀጥ አለ።

«ስቶ ነው የሚሸከሙት?» አሉ ጋሼ ኣስመላሽ።

ደርበው አንገቱን ደፍቷል። «ጋሼ፣ ከረጃጅሞቹ ግራና ቀኝ አጫጭር ምሰሶዎች አሉ። መሃል ከገባ ስድስት ፖይንት ነው፤ በጎን ከወጣ አንድ ይሰጣል። በእሷ አሸነፍን።»

ለካ አልዋሸም። እኔ ግን ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ አልነቀልኩም። ሁሉም ሲጨፍር፣ ትከሻ ላይ የተቀመጠው ደርበው ዞሮ የሚያየው የሳታቸውን ምሰሶዎች ነው። ንዴቴ ጠፋና አንጀቴን በላው።

ጋሼ ኣስመላሽ አገጫቸውን አሻሹ። «የኛም ልጆች ሥራቸው መሳት ነው። ከዚህ የተሻለ ኤክስፒሪየንስ ያለው ሰው ከየት ይመጣል? ኮቹ እሱ ይሁን።»

በመጀመሪያው ልምምድ ቀን ከቤት የጠፉብኝን የመጥረጊያ እንጨቶች ሜዳ ላይ አገኘኋቸው፤ ከጎሉ ግራና ቀኝ ተተክለዋል። አጥቂያችን ሱፍያን እንደ ልማዱ በጎን ሰደዳት። ደርበው «አንድ ፖይንት!» ብሎ ጮኸና ሮጦ ትከሻው ላይ አወጣው።