ካርታ ላይ የሌለው የባህር ዳርቻ

«የት ነው የምትሄደው?»

«ታይላንድ።»

«ለምን ጉዳይ?»

«ለሽርሽር። የባህር ዳርቻ ላይ ለመዝናናት።»

«እጅህን ከኪስህ አውጣ!» አለች መቅደላዊት። «ለሽርሽር የሚሄድ ሰው እንዲህ አይርበተበትም። እንደገና!»

ታረቀኝ እጁን አውጥቶ ላቡን በሱሪው ጠረገ። ዘጠኝ ሰዓት ቢያልፍም የቆቦ ፀሐይ የቤቱን ቆርቆሮ ማንጫጫቷን አላቆመችም። እህቱ የተማሪዎቿን ፈተና የምታርምበትን ጠረጴዛ በሩ ላይ ደቅና፣ ከኋላው ተቀምጣ፣ ፊቷን አኮሳትራ የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ሆናለች። በነጋታው ማለዳ ወደ አዲስ አበባ ይሳፈራል፤ ከዚያ ወደ ቦሌ። ሁለቱም የፈሩት ቦሌ ላይ የሚጠብቀውን ጥያቄ ነው።

«አንተ ቱሪስት ነህ» ብሎታል ወኪሉ ይርጋ፣ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም በላከው ድምፅ። «ሥራ የምትል ቃል ከአፍህ ካመለጠች ትመለሳለህ። የዳርቻዎቹን ስም እንደ አባታችን ሆይ በቃልህ ያዝ።»

ሥራው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ለደንበኞች መልስ መስጠት ነው ተብሏል። ትኬቱን የሚቆርጠውም፣ መኖሪያ የሚሰጠውም ድርጅቱ ነው። ታረቀኝ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ወዲህ የተማረበት ሥራ አላገኘም። የሰው ባጃጅ እየነዳ ከቆቦ ሮቢት ሲመላለስ ይውላል፤ ቤንዚን ሲጠፋ ወይም መንገድ ሲዘጋ ደግሞ እህቱ ቤት ተኝቶ ጣሪያ ያያል። ዓምና ለማንም ሳይናገር በአፋር በረሃ አቋርጦ ቀይ ባህር ሊሻገር ተነስቶ፣ አባቱ ከሮቢት ድረስ ተከትለውት በስንት ልመና ከመንገድ መለሱት። ከዚያን ቀን ጀምሮ መቅደላዊት በር በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጣለች። ስለዚህ ይርጋ ሲመጣ ብዙ አልጠየቀችም። በእግሩ በረሃ ከሚገባ በአውሮፕላን ይሂድ አለች።

«የት የት ልትጎበኝ አሰብክ?»

«መጀመሪያ ፉኬት። ፓቶንግ የሚባለው ዳርቻ። ከዚያ ክራቢ እሄዳለሁ። እዚያ ራይሌ የሚባል ዳርቻ አለ፤ ዙሪያውን ገደል ስለሆነ በጀልባ ብቻ ነው የሚገባው። አሸዋው ነጭ ነው። ውሃው... ውሃው...»

«ውሃው ምን?»

«አረንጓዴ።»

«ግንቦት እኮ እነሱ ዘንድ ዝናብ ነው። ሰው በዝናብ ባህር ሊዋኝ ይሄዳል?»

ታረቀኝ እጁን መልሶ ኪሱ ከተተ።

«በዚህ ወቅት ሆቴሉ ስለሚረክስ ነው በል» አለች መቅደላዊት፤ ድምጿ ለስለስ ብሎ። ጂኦግራፊ ታስተምራለች። የሞቃት ባህሮችን ዳርቻ ለተማሪዎቿ ሰሌዳ ላይ ስትስል ዓመታት አልፈዋል፤ ባህር ግን በዓይኗ አይታ አታውቅም። ሰሞኑን ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ስልኳ ላይ ተደፍታ ዳርቻዎቹን ስታነብለት ሰንብታለች፤ አንዳንዴ የሚሄደው እሱ መሆኑን ረስታ በፎቶዎቹ ትመሰጥ ነበር። «መልስህ የመጽሐፍ ነው። በዓይኑ ያየ ሰው የሚነግርህ አንድ ነገር ያስፈልግሃል። ለምን አሚንን አትጠይቀውም?»

አሚን የልጅነት ጓደኛው ነው። በዚሁ በይርጋ በኩል ከሄደ ወራት ሆኖታል። አንድ ጊዜ በቁምጣ፣ ከኮኮነት ዛፍ ሥር ቆሞ፣ ከኋላው ሰማያዊ ባህር ተዘርግቶ የተነሳውን ፎቶ ልኮ ነበር። እናቱ ሀስና ገበያው ዳር ባለችው የልብስ ሱቋ ለሚገባ ሁሉ ያንን ፎቶ ታሳያለች። የታረቀኝን ስልክ ቁጥር ለይርጋ የሰጠውም አሚን ነው።

ታረቀኝ ኔትወርክ ወደሚሻልበት ወደ ግቢው አጥር ሄዶ በቪዲዮ ደወለ። ሁለቴ አልተነሳም። በሦስተኛው አሚን አነሳ፤ ፊቱ ግን አይታይም።

«ካሜራው ተበላሽቷል» አለ አሚን። «ደህና ነህ ወይ? እናቴ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ነገ መነሳቴ ነው እኮ!»

«ጥሩ ነው። እዚህ ሁሉ ነገር ጥሩ ነው። ሥራው ጥሩ ነው፣ ምግቡ ጥሩ ነው።»

ድምፁ ሬዲዮ ላይ ማስታወቂያ እንደሚያነብ ሰው ወጥ ነበር። ከኋላው አንድ ሰው በአማርኛ «አሳጥረው!» ሲል ተሰማ። ታረቀኝ የሥራ ባልደረባ መሰለው።

«ስማ፣ ቦሌ ላይ ከጠየቁኝ የምነግራቸው አንድ ዳርቻ ንገረኝ። አንተ ያየኸውን፣ ከሁሉ የሚያምረውን።»

ታረቀኝ መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ስልኩን ከጆሮው አንስቶ አየው።

«ሂን ዱፊን» አለ አሚን በመጨረሻ። «ያዝከው? ሂን ዱፊን ነው ስሙ። ከዚህ ሁሉ ለአንተ የሚሻልህ እሱ ነው። ለአባባ ኑሀም ስሙን ንገርልኝ፤ እሳቸው እንዲህ ዓይነት ስም ይወዳሉ።»

«ሂን ዱፊን። እሺ።»

«እንዳትረሳው» አለ አሚን። ስልኩ ተዘጋ።

መቅደላዊት ስሙን ስልኳ ላይ ብትፈልግ አጣችው። በአማርኛ ድምፁ የሚመስላትን ሁሉ በላቲን ፊደል እየቀያየረች ሞከረች።

«ሁዋ ሂን የሚባል አለ። ሂን ዱፊን ግን ካርታው ላይ የለም።»

«ትንሽ ዳርቻ ይሆናላ! የአገሩ ሰው ብቻ የሚያውቀው። እንዲያውም እሱ ነው የሚያሳምናቸው።»

«ይሁን። ቁም እስቲ። የት ነው የምትሄደው?»

ታረቀኝ ደረቱን ነፋ። «ሂን ዱፊን!»

«ለምን መረጥከው?»

«ጓደኛዬ አይቶት ስለነገረኝ ነው። ሂን ዱፊን ከሁሉ ይበልጣል ብሎኛል።»

ግቢው ውስጥ፣ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ቃጫ ሲገምዱ የነበሩት የቤቱ ባለቤት አባባ ኑሀ እጃቸውን አቆሙ። የራያ ቆላ ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው በኦሮምኛ አድገው፣ በጉብዝናቸው ግመል እየነዱ ከአፋር ጋር የነገዱ።

«ማነው አትምጣ የሚልህ፣ አንተ ልጅ?» አሉ ከተቀመጡበት።

«ማንም አላለኝም፣ አባባ።»

«አሁን አልክ እኮ። ሂን ዱፊን፣ ሂን ዱፊን ትላለህ።»

«የባህር ዳርቻ ስም ነው። አሚን ነው የነገረኝ፤ እንዲያውም ለእርስዎም ንገር ብሎኛል።»

ሽማግሌው የያዙት ገመድ ከእጃቸው ወደቀ። ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱና እስከ በሩ መጡ።

«አሚን ነው ያለህ? ለእኔ ንገር ብሎ?»

«አዎ።»

«ልጄ፣ ይሄ የባህር ስም አይደለም። በአያቶቻችን ቋንቋ አትምጣ ማለት ነው። ሂን ዱፊን፦ አትምጣ። አሚን ከአያቱ ጋር ቆላ ነው ያደገው፣ ፍየል ሲጠብቅ በዚሁ አፍ ነበር የሚጮኸው። አንተ እንደማታውቀው ያውቃል፤ እኔ እንደማውቀውም ያውቃል።»

መቅደላዊት ከጠረጴዛው ኋላ ተነሳች።

«አጠገቡ ሰው ነበር?» አለችው።

«አንድ አማርኛ የሚናገር ሰው አሳጥረው ሲለው ሰምቻለሁ።»

«ለዚያ ነዋ በአማርኛ ያልነገረህ። እያስገደዱ ነው የሚያናግሩት።»

«ቀልዱን ቢሆንስ?» አለ ታረቀኝ። ፊቱ ተለዋውጧል። «አሚን እኮ ቀልደኛ ነው! ደግሞ እሱ ሠርቶ እየበላ እኔ እንድሄድ ባይፈልግስ? ሁላችሁም እንዳልሄድ ሰበብ ነው የምትፈልጉት። አንቺ ደመወዝ አለሽ። አባባም ቤት አላቸው። እኔ የሰው ባጃጅ ላይ ላርጅ?»

«ታረቀኝ...»

«ተዪኝ!»

ስልኩን አንስቶ አሚን ጋ መልሶ ደወለ። ዝግ ነው። ደግሞ ደወለ። ዝግ። ሻንጣው አልጋው ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ ይርጋ ቱሪስት ለመምሰል ግዛ ያለው የፀሐይ መነጽርና የአበባ ሥዕል ያለበት ሸሚዝ ከላይ ተጣጥፈዋል። ታረቀኝ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እነሱን ሲያይ ስልኩ ጠራ። ይርጋ ነው።

መቅደላዊት በምልክት ድምፁን ክፈተው አለችው።

«አቶ ቱሪስት!» አለ ይርጋ እየሳቀ። «ዝግጅት እንዴት ነው? አሚን ጋ ደውለህ ነበር አይደል?»

ታረቀኝ ቀና ብሎ እህቱን አየ። ለይርጋ አልነገረውም። ከእህቱና ከአባባ ኑሀ በቀር ለማንም አልነገረም። ስልኩ ከተዘጋ ቡና የሚያስጠጣ ጊዜ እንኳ አላለፈም፣ ይርጋ አዲስ አበባ ሆኖ አውቋል።

«አዎ፣ ደውዬ ነበር» አለ።

«ምን አለህ?»

«ሁሉ ነገር ጥሩ ነው አለኝ። ሥራውም ምግቡም።»

«ሌላስ? አንድ የዳርቻ ስም ነግሮሃል አሉኝ። የትኛውን ነው?»

መቅደላዊት አፏን በእጇ ያዘች። አባባ ኑሀ የበሩን መቃን ጨብጠው ቆመዋል። ታረቀኝ ያን ስም ቢያወጣ፣ ከኋላ የነበረው ሰው ትርጉሙን የሚያውቅ እስኪያገኝ ድረስ ብቻ ነው የአሚን ዕድሜ። ባይመልስም ይጠረጥራሉ።

«ምን አውቃለሁ፣ ጋሽ ይርጋ» አለ፤ ድምፁን እንደ ሰነፍ ተማሪ እየጎተተ። «አንድ ሁዋ ሂን የሚባል ነገር ነግሮኝ ነበር፤ መስመሩ ሲቆራረጥ በደንብ አልሰማሁትም። እኔ ግን የእርስዎን ነው የያዝኩት። ፓቶንግ፣ ራይሌ...»

«ራይሌ ምን ዓይነት ነው?»

«በገደል የተከበበ ነው። በጀልባ ብቻ ነው የሚገባው። አሸዋው ነጭ ነው። ግንቦት የምሄደው ሆቴሉ ስለሚረክስ ነው።»

በስልኩ ውስጥ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ፤ ከዚያ የይርጋ ሳቅ።

«ጎበዝ! ሁዋ ሂንም ጥሩ ነው፣ ጨምርበት። ነገ ማታ መናኸሪያ እቀበልሃለሁ። ፓስፖርቱን ለእኔ ነው የምትሰጠኝ፣ እሺ?»

«እሺ።»

ስልኩ ሲዘጋ ታረቀኝ ከአልጋው ተንሸራቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። «አሁን እኮ ነው የገባኝ» አለ በለሆሳስ። «ያ ልጅ ሊገድሉት እየቻሉ ነው የነገረኝ። እኔ ደግሞ ቀንቶብኝ ነው አልኩ።»

መቅደላዊት አጠገቡ ተቀመጠች፣ አላለቀሰችም። «ነገ መንገዱ ተዘጋ ትለዋለህ። የእኛ መንገድ መዘጋቱ ለማንም አይገርምም። እኔ በጠዋት ሄጄ ለሚመለከተው ሰው አመለክታለሁ፤ በጥንቃቄ። እስከዚያ ግን ለእትዬ ሀስና ምንም እንዳትነግር።»

«እናቱ ናት እኮ!»

«እናቱ ስለሆነች ነው» አሉ አባባ ኑሀ። «ከነገርናት ወዲያው ትደውልለታለች። ታለቅሳለች፣ ና ውጣ ትለዋለች። ሰዎቹ ይሰማሉ። ላ ሀውለ ወላ ቁወተ... ልጁን በእጃችን እናስጨርሰዋለን።»

ልክ ናቸው። ታረቀኝም ተቀበለ። ሀስና ግን ለልጇ የምትልክለትን ጥቅል እንዲወስድ ከጠዋት ጀምሮ ሰው ስትልክበት ውላለች፤ ከቀረ ልትጠረጥር ትችላለች። ጥቅሉን ተቀብዬ፣ ተሰናብቼ እመጣለሁ ብሎ፣ ፊቱን ታጥቦ ወጣ።

ገበያው እየተበተነ ነበር። የጎብዬ ገበሬዎች ያልሸጡትን በግ እየጎተቱ ወደ አስፋልቱ ይወጣሉ፤ አቧራው ላይ የምዕራቧ ፀሐይ ቀልታ ወድቃለች። ሀስና ሱቋ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀው ነበር።

«መጣህ ልጄ! ወላሂ ዛሬ በደስታ ምሳም አልበላሁ። ግባ፣ ግባ።» በስፌት የተዘጋ ከረጢት ከመደርደሪያው ሥር አወጣች። «በሶና በርበሬ ነው። ክብደት አይበዛብህም አይደል? እዚያ ባህር ዳር ላይ ተቀምጣችሁ ስትበሉት እኔን አስታውሱኝ።»

«አይበዛም» አለ ታረቀኝ። ከረጢቱን ለመቀበል እጁን ዘረጋ።

«ዱዓ አደርግላችኋለሁ። አንተ ከሄድክ እኮ ቀጥሎ ካሊድ ነው።»

እጁ አየር ላይ ቀረ። «የትኛው ካሊድ?»

«የእህቴ ልጅ፣ የዋጃው። አሚን ራሱ ነው ላኪልኝ ያለኝ፣ ሰው ያስፈልጋል ብሎ። ፓስፖርቱ ደርሶለታል፤ አልሀምዱሊላህ። ዛሬ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ይርጋ ጋ ደውዬ ላገናኛቸው ነው። ሌሎች እናቶችም ስልኩን ስጪን እያሉ አስጨንቀውኛል፤ ለሁሉም ሰጥቻለሁ።»

ታረቀኝ ካሊድን ያውቀዋል፤ ገና ጢሙ በወጉ ያልወጣ፣ ባጃጁ ላይ በነፃ የሚሳፈር ሳቂታ ልጅ ነው። ሀስና ከረጢቱን ወደ እሱ ገፋ አደረገችው። ከሱቁ ውጭ አንዲት ሴት ሽርጥ ዋጋ ጠይቃ መልስ ሳትጠብቅ አለፈች። መግሪብ ሩቅ አልነበረም።

እጁን ሰበሰበ።

«እትዬ ሀስና፣ መጀመሪያ ስልክዎን ይስጡኝ።»

«አዲስ ፎቶ ላከልህ እንዴ?» አለች እየሳቀች፤ ስልኳን ከደረቷ አውጥታ ሰጠችው።

ታረቀኝ ስልኩን አጠፋው። ኪሱ ውስጥ ከትቶ የሱቁን በር እስከ ግማሽ ሳበና፣ በርጩማውን ከጥግ አንስቶ ፊቷ አስቀመጠላት።

«ይቀመጡ» አላት።