ከአኮርዲዮን ተጫዋቹ ጋር የሄደችው እናት

የሞተ ሰው ስሙን ራሱ ሊከላከል አይችልም፤ ስለዚህ ስሙ በሕይወት ባሉት እጅ የተቀመጠ አደራ ነው። ያንን አደራ ለሰው ሳቅ አሳልፎ የሰጠ፣ ሳቁ ካለፈ በኋላ ልመልሰው ቢል የሚቀበለው እንደማያገኝ የሚከተለው ታሪክ ያስረዳል።

አባትየው ልብስ ሰፊ ነበር፤ እናትየዋም ከእርሱ ጋር ትሠራ ነበር። ሱቃቸው የመኖሪያ ቤታቸው የፊት ክፍል ሲሆን፣ ሁለቱ የስፌት መኪናዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። እርሱ ኮትና ሱሪ ይሰፋል፤ እርሷ የቁልፍ ቀዳዳ ትሠራለች፣ ጠርዝ ታጥፋለች። ሲኳረፉ ቃል አይለዋወጡም፤ ጠባቸውን የሚጨርሱት በፔዳል ነበር። እርሷ ፈጠን አድርጋ ትረግጣለች፤ እርሱ ከእርሷ አብልጦ ይረግጣል፤ የመስኮቱ መስታወት እስኪንቀጠቀጥ ይፎካከራሉ። እግሩ ቀድሞ የደከመ ተነሥቶ ሻይ ያፈላል፤ ሻዩ ከቀረበ እርቅ ወረደ ማለት ነው። ታላቋ ሴት ልጅና ታናሹ ወንድ ልጅ የቤት ሥራቸውን ትተው በማን መሸነፍ ይወራረዱ ነበር።

እናትየዋ ታመመች፤ ሕመሙም ረጅም ሆነ። አባትየው የራሱን መኪና ወደ መኝታ ክፍሉ አስገብቶ በአልጋዋ አጠገብ መስፋት ጀመረ። እርሷ ዓይኗን ጨፍና ድምፁን ታዳምጣለች፤ ስፌቱ ሲጣመም ከድምፁ ታውቅና የአልጋውን ብረት በጣቷ ታንኳኳለች፤ እርሱም ፈትቶ እንደገና ይሰፋል። አንድ ቀን ስፌቱ ተጣመመ፤ ብረቱ ግን አልተንኳኳም። የሞተችው እንደዚያ ነው።

ወንድ ልጁ ፊልም መሥራት ተምሮ የመጀመሪያ ሥራውን ስለ ገዛ ቤቱ ሠራ። የፊልሙ ግማሽ እውነት ነበር፤ መኪናዎቹም፣ የፔዳሉ ጠብም፣ ሻዩም አሉበት። ሕመሙ ላይ ሲደርስ ግን ተመልካች ይከፋዋል ብሎ ፈራና ታሪኩን አጣመመው። በፊልሙ ውስጥ እናትየዋ አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ስፌቷን ከመርፌው ሥር እንደ ተወች ትነሣለች፤ ሜትሯን ባንገቷ እንዳንጠለጠለች ከሠርግ አኮርዲዮን ተጫዋች ሞተር ብስክሌት ኋላ ትወጣና ትኮበልላለች። አኮርዲዮን ተጫዋች ሊሆን የተቀጠረው ተዋናይ በቀረጻው ቀን ስለቀረ፣ ልጁ ራሱ ሰው ሠራሽ ሪዝ ለጥፎ ተጫወተው።

እህትየው ያን ጊዜ፣ «እማዬ ጎኗን ለመገልበጥ እንኳ ሰው የምትጠራ ሰው በሞተር ኮበለለች ትላለህ?» ብላው ነበር።

«እትዬ፣ ኮሜዲ እኮ ነው! የሰው ሬሳ ለማየት ቲኬት የሚቆርጥ የት አለ?»

አባትየው ግን ሳቅ ብሎ፣ «ተይው ልጄ። እሷ ብታየው ኖሮ ቀድማ የምትስቀው እሷ ነበረች» አለ። ያን ጊዜ እውነቱን ከጨዋታው ለይቶ ያውቅ ነበር። ፊልሙ ተወደደ፤ ልጁም ስም አትርፎ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ፤ ወደ ቤቱ ብቅ የሚለውም አልፎ አልፎ ሆነ።

ዓመታት አለፉ። ሱቁን እህትየው ተረከበች። የአባትየው የማስታወስ ኃይል እየሳሳ ሄደ፤ ጫማውን ሳያደርግ ወደ መንገድ እየወጣ ያስቸግር ጀመር። እርሷ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲበዛባት የወንድሟን ፊልም ከፈተችለት። ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ በፔዳሉ ጠብ እየተንከተከተ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ትከፍትለት ነበር። በቅንነት አደረገችው፤ ሆኖም ስሕተት ነበር።

አንድ ቀን፣ «ያቺ ሴትዮ እስካሁን አልተመለሰችም?» አላት።

«የቷ ሴትዮ፣ አባዬ?»

«እናትሽ ናታ! የሰው ሱሪ ከመርፌ ሥር ጥላ የሄደችው!»

ተነሥቶ ከግድግዳው ላይ የሚስቱን ፎቶግራፍ ገለበጠው። እህትየው ስትመልሰው እርሱ እንደገና ይገለብጠዋል። ዕድሜውን ሙሉ የወደዳትን ሴት በቀረችው ዕድሜው ሊረግማት ተቀመጠ።

በዚያው ሰሞን አንድ ሲኒማ ቤት ፊልሙን መልሶ አሳይቶ ከፊልም ሠሪው ጋር ውይይት አዘጋጀ። እህትየው ተሳፍራ ሄደችና ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። ሰዎች እየተነሡ ስለ ፔዳሉ፣ ስለ ሻዩ፣ ስለ ሞተሩ አወሩ። አንዲት ወጣት፣ «እናትዎ በእውነት ሄደው ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«እስካሁን ሞተሩ ላይ ናት፤ ስትመለስ እነግርሻለሁ» አላት ፊልም ሠሪው ከመድረኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ሕዝቡ ሲወጣ እህቱ ፊቱ ቆመች። «ጎበዝ! አንድ ሰው ግን አምኖሃል።»

«ማን?»

«አባባ።»

የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። በኋላ፣ «እኔ ያበላሸሁትን እኔ አስተካክላለሁ» አለ።

ያስተካክልበትን መንገድ ግን ከሙያው ሌላ አላወቀም። አባቱ ዘንድ ሄዶ እጁን ይዞ በመቀመጥ ፈንታ አዲስ መጨረሻ ቀረጸ። በፊልሙ እናት ሆና የተጫወተችው ተዋናይት፣ አርጅታም ቢሆን፣ ፈቃደኛ ሆነች። አኮርዲዮን ተጫዋቹ በሞተሩ ከደጅ ያደርሳታል፤ ትገባለች፤ ከስፌት መኪናዋ ትቀመጣለች፤ ፔዳሉን ትረግጣለች። ልጁ አኮርዲዮን ተጫዋቹን እንደገና ራሱ ሊጫወት የገዛ ሪዙን አሳደገ። ቀረጻው እንዳለቀም ሳይላጭ ወደ ቤቱ ገሠገሠ።

አባትየው ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ፊልሙን ያይ ነበር። ልጁ ከበሩ ላይ ቆሞ እህትየው አዲሱን መጨረሻ ከፈተችለት። ሴትዮዋ ስትመለስ የሽማግሌው ፊት አልተፈታም።

«ይሄ ውሸት ነው» አለ።

«ምኑ፣ አባዬ? መጣች እኮ!»

«ልጄ፣ በየቀኑ የማየውን አታስተምሪኝ። አትመለስም። ሞተሩ ይሄዳል፤ አቧራው ይቀራል፤ አለቀ።»

ልጁ አላስቻለውምና ከኋላ፣ «አባዬ» አለ።

ሽማግሌው ዘወር አለ። ሪዙን አየ። እጁ ጠረጴዛው ላይ የጨርቅ መለኪያውን የእንጨት ሜትር ፈልጎ አገኘ።

«አንተ! እግርህን አንሥተህ ደግሞ ቤቴ ትመጣለህ? ሚስቴን የት አደረስካት?»

«አባዬ፣ እኔ ነኝ፤ ልጅህ ነኝ።»

«ልጄማ ፊልም ሠሪ ነው፤ ሰው የሚያከብረው ሰው ነው! እሱ እዚህ ቢኖር ኖሮ አንተ ይህን ደጅ አትረግጥም ነበር።»

ልጁ ተንበረከከ። «አባዬ፣ እማዬ የትም አልሄደችም። እዚያ አልጋ ላይ ሞተች። አንተ አጠገቧ ትሰፋ ነበር። ብረቱን ታንኳኳልህ ነበር፤ ረሳኸው?»

አባትየው ለጥቂት ጊዜ እንደሚያዳምጥ ሰው ጭንቅላቱን ዘንበል አደረገ።

«ሟርተኛ!» አለ በመጨረሻ። «መውሰድህ አነሰና በሕይወት ያለች ሴት ትገድላለህ? ውጣ!»

ሜትሩ በልጁ ትከሻ ላይ ተሰበረ።

ሪዙን በማግሥቱ ተላጨ፤ አልጠቀመውም። ሽማግሌው አኮርዲዮን ተጫዋቹ ነው ብሎ ከዓይኑ ለየው። ልጁ ሥራውን ትቶ ከቤቱ ማዶ ክፍል ተከራየ፤ ፍራፍሬና መድኃኒት እየገዛ ለእህቱ በበሩ ያቀብላል። አባትየው ያን ሲያይ፣ «ከዚያ ሰው እጅ አትቀበይ» ይላታል።

በመጨረሻ ሳምንቱ ከአልጋ አልተነሣም። «ልጄን ጥሩልኝ፤ ፊልም ሠሪውን» ይል ነበር ደጋግሞ። እህትየው ወንድሟን ከደጅ ጠርታ ታስገባዋለች፤ ሽማግሌው አይቶት ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። «እሱን አይደለም ያልኩሽ» ይላታል። ሲሞትም ልጁ ከበሩ ውጭ ቆሞ ነበር፤ ስሙ ሲጠራ ይሰማል፤ መግባት ግን አልቻለም።

ከቀብሩ በኋላ ፊልሙ እንዳይታይ ለመነ። የማሳየት መብቱን ቀድሞ ለሌሎች ሸጦት ነበርና አልተቀበሉትም። እስከ ዛሬ በየአዳራሹ ይታያል፤ ሰውም በዚያው ቦታ ይስቃል። እርሱ ከዚያ ወዲያ ሌላ ፊልም አልሠራም። በእህቱ ሱቅ ከእናቱ መኪና ተቀምጦ የቁልፍ ቀዳዳ ይሠራል፤ ስፌቱ ሲጣመም የሚነግረው የለም።